ኮዝ፣ ጀብሃ፣ ደዓሚ፦ በጀሪፍ የሚሰሙ ስሞች ከሥራቸው

ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በካርቱም ምሥራቅ ሁለት ጀሪፎችን ይለያል፦ ጀሪፍ ምዕራብንና ጀሪፍ ምሥራቅን። ሐበሻ ለረጅም ዘመን ቤት የተከራየበት፣ ቡና ያፈላበትና እንጀራ የጋገረበት ሰፈር ስለሆነ ስሙን ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ያውቀዋል። ሥሩን በየክረምቱ በገዛ አፉ እንደሚጠራው የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው።

የዓረብኛው ግስ ጀረፈ ነው፤ ጠርጎ ወሰደ፣ አጥቦ ሸረሸረ ማለት። የሱዳን ገበሬ ጀርፍ፣ ሲበዛ ጁሩፍ፣ የሚለው ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ደለል ለብሶ የሚወጣውን የዳር መሬት ነው። የዓረብኛ «ጀ» በግዕዝ ቤት «ገ» ናት፤ ጀመል ገመል፣ ጀነት ገነት። ስለዚህ ጀ-ረ-ፈ የእኛው ገ-ረ-ፈ ነው። ግዕዝ ገረፈ ሲል ጠርጎ ሰበሰበ፣ በመረብ ያዘ ማለቱ ነው፤ ገሪፍም ዓሣ የሚወጣበት መረብ ነው። አማርኛ ከዚሁ ቤት ጎርፍን ወረሰ። ዕብራይስጥ ጋራፍ ይላል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት የቂሶን ወንዝ የሲሣራን ሠራዊት ጠርጎ ሲወስድ ግሱ እሱ ነው።

መሬቱም ከስሙ ጋር ይስማማል። የጀሪፍ ጡብ ሠሪዎች ከማይን በሚሏቸው ምድጃዎች የሚያቃጥሉት ጭቃ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ደለል ነው። ወንዙን አል-በሕር አል-አዝረቅ ይሉታል። አዝረቅ በመጽሐፍ ዓረብኛ ሰማያዊ ነው፤ በሱዳን አፍ ግን በጣም የጠቆረውም አዝረቅ ይባላል። ጥቁር ዓባይ የሚለው አማርኛችን ከዚህ ሱዳናዊ አጠራር ጋር ጎረቤት ነው። በሕርም በሱዳን ለባሕርም ለወንዝም ይሆናል፤ ይህን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፣ ቶሎ እመለስበታለሁ።

የማሳድደው የአንድ ፓርቲ ደጋፊ የሚጠራባቸውን ስሞች ነው። በካርቱም ከእነዚህ ሁሉ የከበደው ኮዝ ነው።

ኮዝ መጀመሪያ ዕቃ ነው። በካርቱም መንገዶች ጥላ ሥር ዚር የሚባል የሸክላ ጋን ይቆማል፤ ውኃው ለመንገደኛ ሁሉ በነፃ ነው፣ ለሟች ነፍስ ምጽዋት ተብሎ የሚቀመጥም አለ። ከዚሩ የሚቀዳበት እጀታ ያለው የቆርቆሮ ጣሳ ኮዝ ይባላል። የመጽሐፍ ዓረብኛው ኩዝ፣ የሱዳኑ ኮዝ፤ ብዙው ኪዛን፤ ልክ ሑት (ዓሣ) ሒታን፣ ታጅ (ዘውድ) ቲጃን እንደሚሆነው። ፋርስ ኩዜ ይላል፣ ማሰሮ ማለቱ ነው። አራማይስጥ ኩዛ አለው። ግብፆች ደግሞ ቃሉን ለበቆሎ ራስ ሰጡት።

ዕቃ ስሙን ለሌላ ማዋሱ የተለመደ ነው። ጀበና በእኛ ዘንድ ማፍያው ነው፤ በካርቱም «ጀበና ጠጣሁ» ያለ ሰው ቡናውን ነው የሚናገረው። ስሙ ከሸክላው ወደ ፈሳሹ አለፈ። ኮዝ ከዚህ ሩቅ ሄደ፤ ከዕቃ ወደ ሰው ተሻገረ።

ሐሰን አል-በና የሙስሊም ወንድማማቾችን ማኅበር በ1920 ዓ.ም. በግብፅ ኢስማዒሊያ መሠረተ። እንቅስቃሴው በተማሪዎች በኩል ወደ ሱዳን ዘለቀ። በሱዳን እንደሚተረከው ከቀደምት መሪዎቹ አንዱ ሃይማኖትን በበሕር፣ ተከታዮቹን ከበሕሩ በሚቀዱ ኪዛን መሰለ። በሕር ወንዝም በሆነበት አገር ምሳሌው ለሰሚው ቅርብ ነበር፤ ዓባይ ደጁ ላይ ነው፣ ጣሳው በእጁ ነው። ስሙ እንግዲህ በትረካው መሠረት የክብር ስም ነበር፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያወጡት። ተቃዋሚው በሕሩን ትቶ ጣሳውን ብቻ አነሣ።

ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ዖመር አል-በሺር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ ከጀርባቸው የሐሰን አል-ቱራቢ ብሔራዊ እስላማዊ ግንባር ነበር። አገዛዙ ራሱን ኢንቃዝ ብሎ ሰየመ፣ ማዳን። ከዚያ ዘመን ሁለት ቃላት በሱዳናዊ ትዝታ ውስጥ ተቸንክረው ቀርተዋል። አንዱ ሳሊሕ ዓም ነው፣ የሕዝብ ጥቅም፤ ሺዎች ከመንግሥት ሥራ የተባረሩት በዚህ ሐረግ ነው። ሁለተኛው ተምኪን ነው። መካን በግዕዝም በዓረብኛም ስፍራ ነው፤ መካነ ሰላም፣ መካነ ኢየሱስ እንላለን። መካን ራሱ ከኮነ ይወጣል፣ ከመሆን፤ ስፍራ የመሆኛ ቦታ ነውና። ከጊዜ በኋላ ባዕዱ «መ» እንደ ሥር ተቆጠረና መ-ከ-ነ የሚል አዲስ ግስ ተወለደ፤ ተምኪንም ከእሱ፣ ስፍራ ማስያዝ። ትርጉሙ በተግባር የተባረረውን ሰው ወንበር ለራስ ወገን መስጠት ነበር። ሦስተኛ ልጨምር ካልሁ ቡዩት አል-አሽባሕ አለ፣ የመናፍስት ቤቶች፤ በ1980ዎቹ የፖለቲካ እስረኞች በድብቅ የሚሠቃዩባቸው ቤቶች።

ይህን የማነሣው ኮዝ የሚለው ስም ምሬቱን ከየት እንዳገኘ ለማሳየት ነው። ስሙ በከንቱ አልመረረም። ሥራውን ያጣው መምህር፣ በመናፍስት ቤት ያደረው ሐኪም ስሙን ሲጠራ ከኋላው የሚያውቀው ነገር አለ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በአትባራ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ሚያዝያ 3 ቀን በሺርን ከሥልጣን አወረደ። በሰልፉ መካከል ኮዝን እንረግጣለን የሚል መፈክር ተነሣ፤ ኮዝ ከዶስ (መርገጥ) ጋር ቤት ይመታል፣ «ኦ»ን ተከትለው የሚመጡት «ዝ» እና «ስ» የአንድ ምላስ ልጆች ናቸውና። የመፈክሩ ክብደት ግን ከቤት መምቻው ይልቅ በፊቱ በቆመችው ትንሽ ቃል ላይ ነው፦ አይ ኮዝ፣ ማናቸውም ኮዝ። ማናቸውም የሚል ቃል ድንበር የለውም። አባልን ከሚኒስትር፣ ጎረቤትን ከመርማሪ አይለይም።

ሰዋስውም ተከተለው። ከኪዛን የብዙ ምልክት የሆነችው «ን» ተነጥላ ሥር ውስጥ ገባች፤ ከ-ወ-ዘ-ነ የሚል ባለ አራት ፊደል ሥር ተፈጠረ። ከዚያ ከውዘና ተባለ፣ ኮዝነት፤ ሙተከውዚንም ተባለ፣ ኮዝ ኮዝ የሚለው፣ ወደ ኮዝነት የሚያጋድለው። በተምኪን ባዕድ «መ» ሥር ሆና ነበር፤ እዚህ ባዕድ «ን» ሥር ሆነች። ቃል ሥር ሲሰድ ማንም ዘንድ ይደርሳል። ጢሙን ያስረዘመ፣ በአሮጌው ዘመን ፈቃድ አውጥቶ የነገደ፣ ወንድሙ በመሥሪያ ቤት የቀረ፣ ግንባሩ ላይ የስግደት ምልክት ያለበት ሁሉ ሙተከውዚን መባል ይችላል።

ግንባር ካልሁ ጀብሃን ላንሣ። ጀብሃ በዓረብኛ ግንባር ነው፣ የፊት አካል። አማርኛም ግንባርን ለፊትም ለጦር ሜዳም ለድርጅትም ያውለዋል፤ የላቲኑ ፍሮንስም እንዲሁ ግንባር ሆኖ ነው ወደ ጦርና ወደ ፖለቲካ የሄደው። በጀሪፍ ጀብሃ ሁለት ባለቤት አለው። ሱዳናዊው በ1980ዎቹ ናስ አል-ጀብሃ ሲል የቱራቢን ሰዎች ማለቱ ነበር። ኤርትራዊው ጀብሃ ሲል በ1952 ዓ.ም. በካይሮ የተመሠረተውንና በ1973 ዓ.ም. ተሸንፎ ወደ ሱዳን የተገፋውን የኤርትራ ነፃነት ግንባር ይላል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ በቀድሞ ጀብሃነቱ የሚያዝን፣ ከአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጀብሃን የሚረግም ይቀመጥ ነበር፤ ስሙ አንድ፣ ቁስሉ ሁለት።

ሻዕቢያም እንዲሁ ነው። ሸዕብ ሕዝብ ነው፤ ጀብሃ ሸዕቢያ ሕዝባዊ ግንባር። ጀብሃ የሚለው ቃል ለተሸናፊው ቀረ፣ ሻዕቢያ የሚለው ቅጽል ለአሸናፊው። በካርቱም ግን ሻዕቢ ያለ ሰው ከበሺር ከተለዩ በኋላ ቱራቢ ያቆሙትን ሕዝባዊ ኮንግረስ ሊል ይችላል፤ ሐረካ ሸዕቢያ ያለ ደግሞ የጆን ጋራንግን ንቅናቄ። የዓረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ሸዐበን ተቃራኒ ትርጉም በአንድነት ከሚሸከሙ ግሶች ይመድቡታል፦ ሰበሰበም፣ ለያየም። ሕዝብ ተብሎ መጠራት ሁለቱንም እንደሚያመጣ ሥሩ ራሱ ይመሰክራል።

ወደ ራሳችን ሕዝብ የሚለው ቃል ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይጣፍጣል። የዓረብኛ ሒዝብ ፓርቲ ነው፤ ብዙው አሕዛብ። የግዕዝ ሕዝብ ብዙው አሕዛብ። ፊደሉ፣ ቅርጹ፣ አበዛዙ አንድ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሳባ ቋንቋ የተቀረጹ ጽሑፎች የሐበሻን ጭፍሮች «አሕዘበ ሐበሸት» ብለው ይጠራሉ፤ ሐበሻ የሚለው የጀሪፍ መጠሪያችንም ከሒዝብ ጋር ጎን ለጎን የተጻፈው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ መንገዱ ተለያየ። ዓረብኛ ቃሉን ለቡድን አስቀረው፤ ቁርኣን አል-አሕዛብ የሚለው ምዕራፍ አለው፣ በመዲና ላይ ያበሩ ጭፍሮች። ግዕዝ ነጠላውን ለመላው ሰው አሰፋው፣ ብዙውን ግን ከሃይማኖት ውጪ ላሉት አደረገው፤ አማርኛም አሕዛብ ሲል ያርቃል፣ ሕዝብ ሲል ያቀርባል። ያው ቃል በካርቱም ከፊሉን፣ በአዲስ አበባ ሁሉን ይጠራል። ፓርቲ ራሱን ሕዝብ አድርጎ ሲናገር፣ ሕዝብም ደጋፊውን ከሕዝብነት ሲያስወጣ፣ ሁለቱም በዚህ አሮጌ መንታ መንገድ ላይ ቆመዋል።

ስም የሚወጣው ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የነፃነትና የለውጥ ኃይሎች ሲቋቋሙ የስማቸው ሦስት ፊደላት ቀ-ሐ-ተ ሆኑ። ተቃዋሚዎቻቸው ደጋፊውን ቀሐታ አሉት፤ ቃሉ በአንድ ፊደል ብቻ ከቀሕጥ፣ ከድርቅ፣ መራቁ ለስድቡ ተመቸ። በአንጻሩ ለሰልፈኛ ሴቶች የከበረ ስም ወጣ፣ ከንዳካ፤ የሜሮዌ ንግሥታት ማዕረግ። ግዕዙ የሐዋርያት ሥራ ይህችኑ ሕንደኬ ብሎ ያውቃታል። ከበሺር ፓርቲ ውድቀት በኋላ የቀሩት ደግሞ ፉሉል ተባሉ። ፈል በዓረብኛ የሰይፍ ስለት ሲሸረፍ የሚወጣው ጎደሎ ነው፣ ከዚያም የተሸነፈ ጦር ስብርባሪ። ግብፆች በ2003 ዓ.ም. ለሙባረክ ሰዎች ያዋሉት ቃል ነው። እኛ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ርዝራዥ ብለን ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን መዝገብ መግለጥ ግድ ነው። ባንዳ የጣልያንኛ ቃል ነው፣ ጭፍራ፤ በወረራው ዘመን ለጠላት በደመወዝ የሚዋጋውን የአገር ሰው ለመጥራት ዋለ። ሥራውን የሚገልጥ ስም ነበር። ዛሬ በሐሳብ የተለየን ሁሉ ባንዳ የሚል አለ። ነፍጥ ከዓረብኛው ነፍጥ የመጣ ነው፣ ከሚነደው የድንጋይ ዘይት፤ ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ወደ ጠመንጃ ዞረ። ነፍጠኛ ጠመንጃ ያዥ ወታደር ነበር፤ ዛሬ ጠመንጃ አይቶ የማያውቅ ገበሬና ልጁ ይጠሩበታል። ወያነ በትግርኛ ዐመፅ ነው፤ የ1935 ዓ.ም. የትግራይ ገበሬዎች ዐመፅ በዚህ ይታወቃል፣ በ1967 ዓ.ም. የተመሠረተው ድርጅትም በኩራት ወረሰው። አማርኛ ወያኔ ብሎ መጀመሪያ ታጋዩን፣ ቀጥሎ ባለሥልጣኑን፣ በኋላም በትግርኛ የሚናገረውን ሰው ሁሉ ጠራበት። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሰደድ፣ በሐምዳዬትና በኡም ራኩባ የተጠለለችው እናት ከማንኛውም ፓርቲ ጉባኤ ተቀምጣ አታውቅ ይሆናል፤ ስሙ ግን ከኋላዋ ነበር።

መንገዱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ስም ከሥራ ይነሣል፣ ወደ ወገን ያልፋል፣ ከወገን ወደ ትውልድ ይወርዳል። ባንዳ፣ ነፍጠኛ፣ ወያኔ፣ ኮዝ በዚሁ ቁልቁለት ወርደዋል። በ1970ዎቹ በካርቱም የኢሕአፓ፣ የኢዲዩ፣ የወያኔ፣ የጀብሃና የሻዕቢያ ሰዎች በአንድ ከተማ ሲኖሩ ስደተኛው በቅድሚያ ይጠየቅ የነበረው «የማን ነህ?» ነበር። ይህች «የ» በአማርኛ ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ሰውን ለድርጅት ማስረከብ ነው። ዓረብኛ ለዚህ በመጨረሻ የምትቆም «ኢ» አለው፣ ኒስባ የሚሉት፤ ግዕዝ «-አዊ» ይላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ስሞቹ ጥይት ሆኑ። የጀሪፍ ሐበሻ አብዛኛው በመተማ በኩል ሲሸሽ፣ መውጫ ያጣው በሁለት ጦሮች፣ በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል፣ መካከል ቀረ። ጦርነቱ እስከ መጨረሻ ይቀጥል ያሉት «በል በስ» አሉ፤ በል ቃል በቃል ማራስ ነው፣ በመንገድ ቋንቋ ማድቀቅ፣ በስ ደግሞ ብቻ። ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው በ-ለ-በ-ሰ የሚል ሥር ወጣቸው፣ ደጋፊዎቹም በላብሳ ተባሉ። ጦርነቱ ይቁም ያለው በሌላው ወገን ቀሐታ ተባለ። ከሠራዊቱ ጎን የቆመ ኮዝ፣ ከፈጥኖ ደራሹ ጎን የተጠረጠረ ደዓሚ።

ደዓሚን እንመርምር። ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በ2005 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙ ቁዋት አድ-ደዕም አስ-ሰሪዕ ሆነ፤ ደዕም ድጋፍ ነው፣ ዲዓማም ምሰሶ፣ ድጋፍ የሚሆን እንጨት። ደዓሚ ማለት እንግዲህ የድጋፍ ሰው ነው። አማርኛው ደጋፊ ከዚሁ ሐሳብ የተነሣ ነው፤ ደገፈ ሲል አጠገቡ ቆሞ እንዳይወድቅ ያዘ ማለት ነውና። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላል አበው። ጠጠሩ ጋኑን አልሠራውም፣ በጋኑ ውስጥ ያለውንም አልጠመቀውም። ባይኖር ግን ጋኑ ይጋደላል። የደጋፊ ኃላፊነት መጠኑ ይህ ነው፤ ከዜሮ ይበልጣል፣ ከጋኑ ያንሳል። ለፓርቲ እጁን ያወጣ ሰው ለሚያቆመው ነገር መልስ ሊሰጥ ይገባዋል፤ በጋኑ ውስጥ ለፈላው ሁሉ ግን ሊሰቀል አይገባም።

ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን ሲያስመልስ የከፋው ቃል ሙተዓዊን ሆነ። ሥሩ ዐ-ወ-ነ ነው፣ መርዳት፤ ተዓዉን መተባበር፣ የኅብረት ሱቅም የሚጠራበት ደግ ቃል። ሙተዓዊን ተባባሪ ነው፣ ከፈጥኖ ደራሹ ጋር የተባበረ የሚባል። በዚያው ወር መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር ፎልከር ቱርክ በካርቱም በዚህ ጥርጣሬ ሰዎች ያለ ፍርድ መገደላቸውን የሚያሳዩ መረጃዎች እንዳስደነገጧቸው ተናገሩ። ጦሩ በያዘው ሰፈር ዳቦ ጋግሮ የሸጠ፣ ከጋራ ድስት ለተራበ የቀዳ ሰው ተባባሪ ነውን? ቃሉ አይመልስም። ቅርጹ የአድራጊ ነው፣ ተሳቢው ግን ጎድሎታል፤ በምን ተባበረ? ማንን ጎዳ?

እኔ ከዚህ ሁሉ ቃል ማሳደድ የማገኘው አንድ የሰዋስው ልዩነት ነው፣ ለሕይወትም ያህላል ብዬ አምናለሁ። የሴም ቋንቋዎች ሰውን በሁለት መንገድ ይሰይማሉ። አንዱ ከግስ ነው፤ ግዕዙ ቀታሊ፣ ዓረቡ ቃቲል፣ አማርኛው ገዳይ። ሌላው ከስም ነው፤ ደዓሚ፣ ሻዕቢ፣ የደርግ፣ የወያኔ። የመጀመሪያው ይጠየቃል፦ መቼ? የት? ማንን? መልሱም እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አይጠየቅም፤ የተለጠፈበት ሰው ሊያስተባብል የሚችለው አንዳች የተገለጸ ነገር የለምና።

ሱዳኖች ይህን ልዩነት በተግባር አሳይተውናል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የቀድሞውን ገዢ ፓርቲ፣ ብሔራዊ ኮንግረስን፣ አፈረሰ፤ ንብረቱን ወረሰ፣ ፊታውራሪዎቹንም ለ10 ዓመት ከፖለቲካ አገደ። ይህ በድርጅትና በሹም ላይ የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ መንገደኛውን ሁሉ አልዳሰሰም። በቀጣዩ ወር፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ የካርቱም ፍርድ ቤት ዖመር አል-በሺርን በሙስናና የውጭ ገንዘብ በሕገ ወጥ መንገድ በመያዝ ጥፋተኛ አላቸው። የኪዛን አለቃ እንኳ የተፈረደባቸው ኮዝ ስለሆኑ አይደለም፤ ተቀበሉ፣ ያዙ በሚሉ ግሶች ነው። የቅጣቱን ማነስ የሚወቅስ ብዙ ነው፣ እኔም ወቀሳውን እረዳለሁ። መንገዱ ግን ትክክል ነበር፤ በዚያ መንገድ ብዙ ቢኬድ ኖሮ ከጦርነቱ በኋላ ሙተዓዊን በሚል ስም ብቻ የሚሞት ሰው ባነሰ ነበር።

ስለዚህ በጀሪፍም በጎንደርም በመቀሌም በአዲስ አበባም አንድ ሰው በፓርቲ ስም ሲጠራ የምሰማ እንደሆነ የምጠይቀው ግሱን ነው። ገረፈ ከተባለ ይከሰስ፤ ዘረፈ ከተባለ ይመልስ፤ ደገፈ ከተባለ ይሞገት፣ በሚቀጥለው ምርጫም ይሸነፍ። ግስ ከሌለ ደግሞ ስሙ ይቅርና ሰውዬው እናት አባቱ ባወጡለት ስም ይጠራ።